በባንክ ወረቀት እንደታሸገ

ቬሰል ክሪክ፣ ኔብራስካ
ጃንዋሪ 19፣ 2004

ለተከበሩ አጎቴ ኦገስት ኮቫሪክ፣

ይህ ደብዳቤ ውቅያኖሱን ተሻግሮ በሙሉ ጤንነት ያግኝዎ። ጆሮዎ ስልክ አልሰማ እንዳለ እናቴ ስለነገረችኝ በጽሑፍ መጣሁ። ሮክሳን ነኝ፤ የአጎትዎ ልጅ የሊዮ የልጅ ልጅ። በ1983 መኸር ኖላን አግብተው ወደ ኒውዚላንድ ሲሄዱ ኩሽናችን ውስጥ ጉልበትዎን ይዤ አልለቅም ያልኩት እኔ ነበርኩ ይላሉ። አሁን ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው።

የጻፍኩት ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ስለተበደልኩ ነው።

አያቴ ከሁለት ዓመት በፊት ሲያርፉ የሳንቲም ጥቅሎቻቸውን በሙሉ ለእኔ ተዉልኝ። ሊንከን ሄጄ በተማርኩት ኬሚስትሪ የሚቀጥረኝ በአካባቢው ስላልነበረ የቤቱን የፊት ክፍል ሱቅ አደረግሁት። ባንኩ እንደጠቀለላቸው፣ ጫፋቸው በማሽን እንደታጠፈ፣ ማንም ያልከፈታቸውን እሸጣለሁ። ባለፈው መኸር ከ1983ቱ ሩብ ዶላር አንዱን ጥቅል ለደልበርት ክሩፓ ሸጥኩለት። ያውቁታል፤ የካውንቲው የሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነው። ደልበርት በውስጡ ካሉት አርባ ሳንቲሞች ምርጧን ለይቶ ለሳንቲም ጥራት ደረጃ መዳቢዎች ሊልክ ጥቅሉን ከፈተው። መሃል ላይ አንዲት ያረጀች፣ ስንት እጅ ያሻሻት ሩብ ዶላር ወጣች።

እኔ ጋ መጥቶ አልጠየቀኝም። በስኒ ማስቀመጫ አድርጎ ወደ ማኅበሩ ስብሰባ ይዟት ሄደና ከሰው ሰው አዞራት። የኮቫሪክ ቤት ጥቅል የባንክ አይደለም፣ ኩሽና ውስጥ የተጠቀለለ ነው አለ። ቀጥሎም፦

«ሊንከን ድረስ ሄዳ አራት ዓመት የተማረችው መጠቅለል ነው እንዴ?»

ሳቁ። እኔ እዚያው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ማኅበሩ በጁን በሚያዘጋጀው ባዛር ላይ የነበረኝን ጠረጴዛ በድምፅ ብልጫ ሰረዙት። እርስዎ የዚህን ንግድ ነገር ያውቁታል። ሰው የሚገዛን ውስጡን ሳያይ ነው። ስሜ ከጠፋ የምሸጠው ነገር የለኝም።

አሁን ልመናዬ። አያቴ ሲሸኙዎት ከዚያው ባንክ፣ ከዚያው ሣጥን የወጣ የ1983 ጥቅል ሰጥተውዎታል። መንታው ማለት ነው። ካልከፈቱት በአደራ ፖስታ ይላኩልኝ። ጁን ሳይደርስ በሁሉም ፊት እከፍተዋለሁ። ከዚያ ወዲያ የሚስቅ ይሳቅ።

አክባሪዎ፣
ሮክሳን


ኦማሩ፣ ኒውዚላንድ
ፌብሩዋሪ 9፣ 2004

ለልጄ ለሮክሳን፣

የኮቫሪኮች አምላክ ጥላውን አይንሳሽ፤ እጅሽ የነካውን ይባርክልሽ። ደብዳቤሽ ቁርጥ ሊዮን ነው፤ ሰላምታው አንድ መስመር፣ ክሱ ሁለት ገጽ። እያነበብኩ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ጎረቤቴም አጥሩ ላይ ብቅ ብላ ምን ነካው ብላ አየችኝ።

እዚህ በጋ ነው። ነፋሱ ቲማቲሜን ጥሎብኛል፤ የጣሪያውንም ቆርቆሮ ሲነቀንቅ ያድራል። ኖላ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ሰፍቶኛል፤ ከባሕሩ የሚመጣው ጠረን ግን አሁንም ደስ ይለኛል። ያ የዋናው መንገድ ዳቦ ቤት ባለ ፖፒ ፍሬውን ጣፋጭ ዳቦ፣ ኮላቼውን፣ አሁንም ይጋግራል? ንገሪኝ፤ ባልበላም ልስማው።

ደልበርትን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆነን ቤዝቦል ስንጫወት ራሱ ዳኛ ካልሆነ ኳሱን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው አይለወጥም፤ ይሸብታል እንጂ። እንኪ፣ ትንሽ ቼክ አብሬ ልኬያለሁ። ሌላ ካውንቲ ሄደሽ ጠረጴዛ ተከራዪበት፤ ቬሰል ክሪክ ዓለም አይደለችም። ሰው ስድብን በእግሩም ያመልጠዋል።

ጥቅሉ ካስቀመጥኩበት ቦታ ነው። አታስቢ።

እናትሽን ሳሚልኝ። ትበያለሽ አይደል?

አጎትሽ ኦገስት


ቬሰል ክሪክ
ፌብሩዋሪ 24፣ 2004

ለተከበሩ አጎቴ ኦገስት፣

ጤናዎ እንደ ቀልድዎ ይሁን። ኮላቼው አለ፤ ፖፒ ፍሬውን ግን እየቆጠቡበት ነው፣ ደረቅ ሆኗል። እናቴ ደህና ናት። እኔም እበላለሁ።

ቼኩን መልሼ ልኬልዎታለሁ። አይቀየሙኝ። ገንዘብ አልጠየቅሁም፤ ጥቅል ነው የጠየቅሁት። ሌላ ካውንቲ ሄጄ ልሽጥ ብል ወሬው ቀድሞኝ ይደርሳል፤ ሰብሳቢ እንደሆነ ከሳንቲሙ ይልቅ የሚሰበስበው ሐሜት ነው። ደግሞስ ለምን እኔ ልሂድ?

እናቴ «በአሥር ዶላር ሳንቲም ይሄ ሁሉ ጸብ?» ትላለች። በእነዚያ ሁለት ዓመታት፣ በ82 እና በ83፣ መንግሥት ለሰብሳቢ የሚሸጠውን ዓመታዊ ስብስብ እንዳላዘጋጀ፣ ስለዚህ ገበያ ሳይገቡ የቀሩት ሳንቲሞች ያኔ ከባንክ በጥቅል የወጡት ብቻ እንደሆኑ አስረዳኋት። ሰምታ ሰምታ፣ «ታዲያ ውስጡ ምን እንዳለ እያወቃችሁ ነው የምትገዙት?» አለችኝ። አናውቅም አልኳት። ወረቀቱን አይተን፣ የሻጩን ፊት አይተን እናምናለን። «እንግዲያማ ጸቡ ስለ ሳንቲም አይደለም» ብላ ታጥፈው ወደነበረው ልብስ ተመለሰች። ከማኅበሩ ሁሉ የገባው ለእሷ ነው።

ከራስሽ ጥቅሎች አንዱን ለምን አትከፍቺም ይሉኝ ይሆናል። ከእኔ ቤት የወጣ ጥቅል ንጹሕ ቢሆን «አስተካክላ አመጣችው» ይላሉ፤ ባይሆን «አላልናችሁም?» ይላሉ። የእርስዎ ግን ከዚያ ዓመት ጀምሮ ማንም በማይደርስበት አገር ተቀምጧል። ለዚህ ነው የምለምንዎት።

አንድ ነገር ልጨምር። ሲሳቅብኝ ያመመኝ ሳቁ አይደለም። በዚያ ክፍል ውስጥ ከአያቴ ጋር ሠላሳ ዓመት የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ። አንዱ እንኳ ተነሥቶ «ሊዮን አውቀዋለሁ» አላለም።

አክባሪዎ፣
ሮክሳን


ኦማሩ
ኤፕሪል 5፣ 2004

ለውዷ ሮክሳን፣

ሰላም ለአንቺና ለቤትሽ ይሁን። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። የፈራሁት ነፋስ መጥቶ የጣሪያዬን ቆርቆሮ ገልቦ ወሰደው፤ ሳሎኑን በሸራ ሸፍኜ ተቀምጫለሁ። ቼኩን መለስሽ፤ ጥሩ፣ ለምስማር ሆነኝ።

ሊዮ ባለፉት ዓመታት የላከልኝ ሌሎችም ጥቅሎች አሉኝ፤ የ80ዎቹ መጨረሻ ባለ አምስትና ባለ አሥር ሳንቲም። ብልካቸው ትሸጭልኛለሽ? ምን ያወጣሉ? ካልተሸጡ ለእኔ ከእንግዲህ ምን ያደርጉልኛል፤ ዝናቡ ግን ይገባል።

ደግሞ ለወሬ ያህል፣ አንድ ጥቅል ቢከፈት ዋጋው ምን ያህል ይወርዳል?

የእጅ ጽሑፌ ከተበላሸ ብርዱ ነው።

አጎትሽ ኦገስት


ቬሰል ክሪክ
ኤፕሪል 20፣ 2004

ለተከበሩ አጎቴ ኦገስት፣

እግዚአብሔር ከዝናቡም ከብርዱም ይጠብቅዎ። የሌሎቹን ጥቅሎች ዝርዝር ይላኩልኝ፤ ባለኝ ነገር ሁሉ እምላለሁ፣ ያለ ኮሚሽን እሸጥልዎታለሁ። ጠረጴዛ ካገኘሁ።

የተከፈተ ጥቅል ጥቅል አይደለም፤ ዝርዝር ሳንቲም ነው። ይህን ደግሞ ከእኔ በፊት እርስዎ ያውቁታል፤ ለአያቴ ያስተማሩት እርስዎ እንደሆኑ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ታዲያ ለወሬ ያህል ለምን ጠየቁኝ?

ሁለት ጊዜ ስለ አንድ ነገር ጻፍኩልዎ። ስለ ቲማቲም፣ ስለ ቆርቆሮና ስለ ኮላቼ መለሱልኝ። ስለ ጥቅሉ የነገሩኝ «ካስቀመጥኩበት ቦታ ነው» የሚል ብቻ ነው።

ከፍተውታል?

ከፍተውት ከሆነ ያዩትን እንዳለ ይጻፉልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ለእኔ ብለው ነገር አያሳምሩ፤ ሲያሳምሩልኝ የምታመም ሴት ነኝ። አያቴ ያንን ነገር አድርገውትም ከሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ያን ጊዜ ያለኝን ጥቅል ሁሉ ባንክ ወስጄ እንደ ዝርዝር አስገባዋለሁ፤ ለሸጥኩለት ሁሉ ገንዘቡን እመልሳለሁ፤ ለደልበርት ክሩፓም በዚያው ስብሰባ ላይ ቆሜ ልክ ነበርክ እለዋለሁ። ብሞትም እለዋለሁ። ባዶ ዝምታ ግን አልሸከምም።

ሮክሳን


ኦማሩ
ሜይ 6፣ 2004

ለሮክሳን፣

በረከት ልመርቅሽ ብዬ ብዕሬን አነሳሁ፤ መራቂ ሳይሆን ተመራቂ መሆን ያለብኝ እኔ ነኝ።

ከፈትኩት። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ በደረሰ ማግስት። መጀመሪያ ልልክልሽ ነበር፤ ሣጥኑን አዘጋጅቼ፣ በጥጥ ጠቅልዬ፣ አድራሻሽን ጽፌ ነበር። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ይቺ ልጅ በሰዎች ፊት ከፍታው ውስጡ መጥፎ ቢሆንስ? ደልበርት አጠገቧ ቆሞ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ? አስቀድሜ ልየው፤ ደህና ከሆነ የሆነ ነገር አደርጋለሁ አልኩ። ሰው ሲያረጅ ጅልነቱን ጥንቃቄ ይለዋል።

የሱቅ ልጆች ገንዘብ ሳጥናቸው ላይ እንደሚያደርጉት በጠረጴዛው ጠርዝ መታሁት። ወረቀቱ ተሰነጠቀ። ሮክሳን፣ እንዴት ያበሩ ነበር! ያን መኸር ኩሽናችሁ ውስጥ የነበረውን ብርሃን ይዘው የቆዩ መሰለኝ። እየደረደርኩ ስሄድ፣ ወደ መሃሉ ስደርስ፣ ያቺ መጣች። የ1976ቷ የነጻነት መታሰቢያ፣ ከበሮ መቺው ያለባት። እንደ አሮጌ ማንኪያ የጠቆረች፣ የከበሮ መቺው ፊት የጠፋባት።

ሊዮ እንዲህ አያደርግም አልኩ። ደግሜ አልኩት። ሦስተኛ ልለው ስል ግን፣ ሊዮም ሰው ነው የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ ከዚያ በኋላ አልወጣ አለኝ። ወንድም አልነበረኝም፤ እሱ ነበር ወንድሜ። ይህን ለአንቺ እንዴት ብዬ ልጻፈው? ስለ ቲማቲም ጻፍኩ።

ሁሉንም በአፈ ሰፊ ጠርሙስ አድርጌ፣ ከተሰነጠቀው ወረቀት ጋር ልኬልሻለሁ። ማንም ምስክር ሳይኖር የከፈትኩት ስለሆነ ለማስረጃ እንደማይሆንሽ አውቃለሁ። የነበረሽን አንድ ነገር ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የሌሎቹን ጥቅሎች ነገር ተይው፤ ጣሪያውን በሸራ እኖርበታለሁ።

ኦገስት


ቬሰል ክሪክ
ጁን 15፣ 2004

ለውድ አጎቴ ኦገስት፣

ዕድሜዎ ይርዘም፤ እኔ ስለምፈልግዎ ነው። አንደኛ ይቅር ብዬዎታለሁ። ሁለተኛ፣ ዳግመኛ ሊጠብቁኝ እንዳይሞክሩ።

ጠርሙሱ ሳይሰበር ደርሷል። አያቴ ጥቅል ይለዩበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ ገለበጥኩትና ከበሮ መቺውን ለብቻው አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ላይ እርስዎ የተሰማዎት ተሰማኝ። ከዚያ ተናደድኩ። ስናደድ ደግሞ አስባለሁ።

አንዲት ናት። ደልበርት ያገኘውም አንዲት። ሰው ጥቅል የሚያጭበረብረው ጫፍና ጫፉ ላይ አዲስ አድርጎ መሃሉን በአሮጌ ሞልቶ፣ ሠላሳ ስምንት አዳዲስ ሊያተርፍ ነው። ሊዮ ኮቫሪክ አንዲት ሩብ ዶላር ለመስረቅ ወረቀት ገዝቶ፣ ማሽን ገዝቶ፣ ያን ሁሉ ሊደክም? ሻይ ቅጠል ሁለቴ የሚያፈሉ ሰው ነበሩ፤ ሞኝ ግን አልነበሩም። የእርስዎ ጥቅል ከዚያ መኸር ጀምሮ ከአገር ውጭ ነው፤ የደልበርት እዚህ ነበር። ጥፋቱ የሁለቱም ከሆነ የደረሰው አያቴ እጅ ከመግባታቸው በፊት ነው። ባንኩ በዚያው መጠቅለያ ማሽን ጠዋት ገበሬዎች ያመጡትን ዝርዝር ይቆጥርበታል፤ ከሰዓት አዲሱን ከረጢት ያፈስበታል። በማሽኑ አፍ ጥግ ላይ የቀረ አሮጌ ሳንቲም ካለ ከአዲሶቹ ጋር ተጠቅልሎ ይወጣል። እኛ ሰብሳቢዎች ደግሞ «ባንክ ጠቀለለው» ሲባል «ንጹሕ ነው» ተብሎ የተነገረን ይመስለናል። ባንኩ እንዲህ ብሎን አያውቅም። ይህን የፈጠርነው እኛው ነን።

እንዲህ ከሆነ ታዲያ ከዚያ ባንክ በዚያ ሰሞን የገዛ ሁሉ ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥቅል ሊኖር ይችላል ማለት ነው። እዚህ ደግሞ ያልገዛ የለም።

የጁን ስብሰባ ላይ ሳልጠራ ሄድኩ። ደልበርት ለአባላት ብቻ ነው አለ፤ የዓመት መዋጮዬን የከፈልኩበትን ካርድ አሳየሁት። ጠርሙስዎን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፤ ያለ ምስክር መከፈቱንም አልደበቅሁም። ደልበርት ተነሥቶ፣ ባንክ የሚጠቀልለው በወረቀት መስሎኝ ነበር፣ የኒውዚላንዱ በጠርሙስ ነው ለካ አለ። ሳቁ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ደህና ቀልድ ነበር።

ከራሴ የ83 ጥቅል አንዱን አውጥቼ በፊታቸው ከፈትኩ። አርባውም አዲስ። አንዲት እንኳ አሮጌ የለችም። በሕይወቴ ሳንቲም ሲያበራ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ግን አልወጣሁም። እናንተም ከዚያው ባንክ ያወጣችሁት ጥቅል አላችሁ፤ አንድ አንድ ክፈቱ አልኳቸው።

እርስዎ ያውቃሉ ምን እንደጠየቅኋቸው። የምትታለብ ላም ወተቷን ለማየት እረዱ እንደማለት ነው። ከአባላቱ አንዱ፣ ዋልት፣ ቆርቆሮ ጣሪያውን ያይ ነበር። ለባዛሩ ዋጋ ሊያስገምቱ ጥቅሎቻቸውን ይዘው የመጡት እንኳ ቦርሳቸውን በእግራቸው ወደ ወንበራቸው ሥር ገፉት።

ገንዘብ ያዧ ኢርማ ዱሼክ፣ እኒያ የትምህርት ቤቱ ሙዚቃ መምህርት የነበሩት፣ ቦርሳቸውን ከፈቱ። የ83 ጥቅል አወጡ። ባላቸው ለልደታቸው የሰጣቸው ነው አሉና በጠረጴዛው ጠርዝ መቱት። አሥር ያህል አዲስ ከወጣ በኋላ፣ የ1971 አሮጌ። ጠርዟ እስከ መዳቡ የተበላ።

ማንም አልሳቀም። ዋልት የራሱን ከፈተ፤ ንጹሕ ነበር። ከኋላ ያለው ራስል ከፈተ፤ አንድ አሮጌ፣ የ1980። ከዚያ ኢርማ ወደ ደልበርት ዞሩ። እሱም በ1983 ጥቅሎቹ የወጡ ቀን ከአያቴ ጋር ባንኩ ሰልፍ ላይ ቆሞ ነበር፤ የራሱ ጥቅልም ፊቱ ነበር።

«ደልበርት፣ የልጅቷን ስም ለማጥፋት አልፈራህም፤ ወረቀት ለመክፈት ትፈራለህ?»

ደልበርት ጥቅሉን አንስቶ ኮት ኪሱ ከተተና ሌላ አጀንዳ እንዳለ ተናገረ። ኢርማ ግን ሌላ አጀንዳ የለም፣ ድምፅ እንስጥ አሉ። ጠረጴዛዬ ተመለሰ። እሱ እጁን አላወጣም፤ ለመቃወምም አላወጣም። ሰዎቹ ሲወጡ አንዳንዶቹ ሊዮን ሁሌም አውቀዋለሁ እያሉ ጨበጡኝ። ያኔ የት ነበራችሁ ልል አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ እናቴ ዋጪው ባለችኝ ነገር ሁሉ ላይ ጨምሬ ዋጥኩት።

ባዛሩ ቅዳሜ ነበር። ጠረጴዛዬን ያስቀመጡልኝ ከደልበርት ጠረጴዛ ቀጥሎ ነው፤ ማን እንዳደለደለው አላውቅም፣ ኢርማ ሲያልፉ ግን ፈገግ ብለው ነበር። ለሁሉም ጥቅሎቼ የሚሆን አንድ ማስታወቂያ ጻፍኩ፦ ባንኩ የጠቀለለው፤ ውስጡን እኔም አላየሁም። ግማሹ ቀን አለፈ። ሰው ያያል፣ ያነሣል፣ ያስቀምጣል።

ከሰዓት በኋላ ከኦማሃ የመጣ ሰው የ83ቱን ጥቅል አንስቶ አገላበጠው። ጫፉን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ ወደ ደልበርት ዞረና፣ ሊቀመንበሩ አንተ ነህ አይደል፣ የዚህች ልጅ ጥቅል ይታመናል ወይ ብሎ ጠየቀው።

ደልበርት መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ። መልሶ አጠለቀ። ጎንበስ ብሎ የራሱን ዕቃ አስተካከለ። መልስ እንዲሰጠው አልለመንኩትም፤ አላየሁትምም፤ ፊት ለፊቴ ያለውን ግድግዳ ነበር የማየው።

«የባንኩ ናቸው» አለ በመጨረሻ። «ከእሷ ግዛ።»

ሰውየው ሁለት ገዛ። ደልበርት የራሱን ጥቅል ቤቱ ገብቶ ከፍቶት እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ አልጠይቀውምም። እርስዎ ግን የ80ዎቹን ጥቅሎች ዛሬውኑ ይላኩልኝ፤ ጠረጴዛ አለኝ፣ የእርስዎም ጣሪያ ክረምቱን በሸራ አያሳልፍም።

ልጅዎ፣
ሮክሳን ኮቫሪክ